የኑሪያ ግቢ መንታዎች

«ቁንጫ ለክቶ አይነክስም» አለች ሐረግወይን፣ ዓይኗን ከሕፃኗ ጭን ሳትነቅል።

ምራቷ ኤልዳና ፎጣውን ዘርግታ ቆማ የሳፋውን ውሃ ታያለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐረግወይን የልጅ ልጇን በየማለዳው የምታጥባት ራሷ ናት፤ ይህን ሥራ ለማንም አትሰጥም። ትናንት ግን ለቅሶ ነበረባትና በጠዋት ወጥታ ቀኑ ሲገባደድ ስለተመለሰች ሕፃኗ ሳትታጠብ ዋለች። ዛሬ ሳፋው ውስጥ አስገብታ፣ አንገቷን በመዳፏ ደግፋ፣ እጥፋት እጥፋቷን በሳሙና ስታሽ ጣቷ ጠጠር ያለ ነገር ነካ። በቀኙ ጭን፣ በውጭ በኩል፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል እብጠት፤ መሐሏ ላይ የመርፌ ጫፍ የመሰለች ቀይ ነጥብ። አዙራ ግራውን ብታይ እዚያም ያችው እብጠት፣ ያችው ነጥብ፣ በዚያው ቦታ። በጣቷ ለክታ አየቻቸው፤ ከጉልበቷ እኩል ይርቃሉ። ኤልዳናን ጠርታ ምን ነክቷት ነው ብትላት «ቁንጫ ይሆናላ» አለች ኤልዳና፤ ያኔ ነው እንግዲህ ሐረግወይን ያን ቃል የተናገረችው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ይባላል፤ ይባል እንጂ አንድ ክፍል ሆኖ መሐሉ ላይ መጋረጃ የተሰቀለበት ነው። ነቀምቴ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሱቋን ከፊት አድርጋ ከኋላ አራት በር የምታከራይ ኑሪያ የምትባል ባለሱቅ አለች፤ የሐረግወይን በር ከአራቱ የመጨረሻው፣ ለሽንት ቤቱ የሚቀርበው ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ ተተርትሮ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ኪራዩ ባለፈው መስከረም ከሁለት ሺህ ወደ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር የወጣ። ከመጋረጃው ወዲያ ኤልዳናና ሕፃኗ ይተኛሉ፤ የኤልዳና ባል፣ የሐረግወይን ልጅ አሳምነው፣ ኑኑ ቁምባ ወረዳ የግንበኝነት ሥራ ይዞ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። በሩ ላይ ወፍራም አንሶላ ተሰቅሏል፤ ሕፃኗ ከተወለደች ወዲህ ያ አንሶላ ለፀሐይም ለእንግዳም አልተገለጠም። ሴት ናትና ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ከደጅ አትወጣም፣ ስምም አልወጣላትም፣ «ሚጡ» ብቻ ትባላለች። ሕጉን ያወጣችው ሐረግወይን ናት፤ የተከራከራትም የለም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋላ። ከሚጡ በፊት አንድ ወንድ ነበረ። ጊዳ አያና የነበረውን ቤታቸውን በግጭቱ ምክንያት ጥለው ሲወጡ ገና አራስ ነበር፤ ክርስትና ሳይነሳ በነጠላ ተጠቅልሎ በብርድ ከደጅ ወጣ፣ ነቀምቴ ደርሰው በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ወለል ላይ የጎድን አጥንቱ እየገባ እየወጣ፣ ትንፋሹ እያጠረ አለፈ። ሐረግወይን ከዚያ የያዘችው ነገር አንድ ነው፤ ልጁን ደጅ ገደለው።

ደጅ ብቻም አይደለም። በር አንኳኩቶ ስንት ናችሁ፣ ማን ማን አላችሁ የሚል ሰው ከዚያ ወዲህ አይጥማትም። ሰሞኑን ከጤና ጣቢያ የተላከች ወጣት ዣንጥላዋን ይዛ በግቢው እየዞረች አራስ ያለበትን ቤት ስትጠይቅ፣ ሐረግወይን አንሶላው ፊት ተገትራ «እዚህ ሕፃን የለም» ብላ መልሳታለች። በእርግጥም የሚጡን መወለድ ከግቢው ውጭ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተወለደችው ዶፍ ሲወርድ፣ ባጃጁ በጭቃ ተይዞ ሳይደርስ ቀርቶ፣ በአያቷ እጅ ነው። ወጣቷም አመስግና ሄደች።

ሐረግወይን ሕፃኗን ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስተኛቻት። ገላዋ ሞቅ ብሏል። ከወትሮው ይልቅ ታንቀላፋለች፣ ጭኗን ሲነኳት ትነጫነጫለች። የአያቷ ሐሳብ ወደማያምረው ነገር ሁሉ ሄደ። መርፌ ነው፤ መርፌ መሆኑን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ግን መርፌ የሚያስገባም የሚያወጣም ዕቃ ነው። ደም ቀድተውባት ይሆን? ለማን? እናቷ ቤት እያለች ማን ደፍሮ ገባ? ወይስ የሰጠቻት እናቷ ራሷ ናት? ኤልዳና ከመጋረጃው ወዲያ አንሶላ ታጥፋለች፤ አጥፋ ትጨርስና ያንኑ አንሶላ ዘርግታ እንደገና ስታጥፈው ይሰማል። የሌላ ቀን ዝምታዋ የድካም ነበር። የዛሬው ዝምታ ከውስጥ የተቀረቀረ በር ይመስላል። ቁርስ ተበልቶ፣ ሳህን ታጥቦ እስኪያበቃ በአማትና በምራት መሐል ሕፃኗ ብቻ ታቃስታለች።

ሐረግወይን ልጅቱን አስረክባ ወደ ግቢው ወጣች። ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ሶፊ ተቀምጣለች፤ የባጃጅ ነጂው የታፋ ሚስት፣ የሁለተኛው በር ተከራይ። ሶፊ አርጆ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ነመራን ወልዳ ከመጣች ብዙ አልቆየችም፤ ነመራና ሚጡ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ናቸው። የነመራ ቤተሰብ ጴንጤ ስለሆነ ልጁ ክርስትና የሚባል የሚያግደው ነገር የለም፣ ገበያም ጸሎት ቤትም በእናቱ ጀርባ ይዞራል። «አከም ቡልተን፣ ሀርሜ» አለች ሶፊ እንደ ወትሮዋ፤ እንዴት አደሩ፣ እናቴ ማለቷ ነው። ሐረግወይን በኦሮምኛ መለሰችላት፤ አፍ የፈታችበት ወሎዬ አማርኛ ቢሆንም ጊዳ ያደገ ሰው ኦሮምኛ አይቸግረውም። ሶፊ የልጁን የረጠበ ጨርቅ ልትቀይር እግሮቹን ብድግ አደረገች። ሐረግወይን አየች። በቀኙ ጭን አንዲት ነጥብ፤ በግራው አንዲት ነጥብ። ሶፊም መታየቱን አየችና ጨርቁን ቶሎ ወደ ታች ሳበችው፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ቲማቲም ኪሎው መቶ ብር መግባቱን፣ ታፋ ቤንዚን ፍለጋ ወረፋ ላይ ማደሩን፣ ሽንኩርቱም አለመሻሉን በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ሶፊ ወሬ ስትፈልግ እንጂ ወሬ ስትሸሽ አይታ የማታውቀው ሐረግወይን «እንዴታ፣ ሁሉም ተወዷል» ብላት አለፈች።

ኑሪያ ሱቅ ገባች። ኑሪያ ጉራጌ ናት፣ ነቀምቴ ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ግቢው ውስጥ የሚፈላው ውሃ ሳይቀር ሲንተከተክ የሚሰማት ሴት። ሐረግወይን ሳሙና ጠየቀችና ዋጋውን እያወቀች ስንት ነው አለች፣ ወሬ ለመጀመር። ትናንት እኔ በሌለሁበት ሰው መጥቶ ነበር እንዴ አለቻት። ኑሪያ መደርደሪያው ላይ የተደረደረውን ፓስታ እንደገና መደርደር ጀመረች። ሰው? ማን ይመጣል? ሰው እንኳ ዕዳውን ሊከፍል አይመጣ። ከዚያ ሳሙናውን በፌስታል አድርጋ «የሰማንያውን በሰባ አምስት ውሰጂው፣ ሐረጌ» አለች።

የሐረግወይን እጅ ፌስታሉ ላይ እንዳለ ቀረ። በዚህ ግቢ በኖረችባቸው ዓመታት ኑሪያ ከአንድ ክብሪት ላይ እንኳ ሳንቲም ቀንሳ አታውቅም። የተደበቀ ነገር እንዳለ ቢምሉላት፣ ቢገዘቱላት እንደዚህ አታምንም ነበር። አምስቷን ብር ጨምራ ከፈለች፤ ኑሪያም ሳትከራከር ተቀበለቻት። ይህ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቶሎ እንድትሄድላት ብቻ የፈለገች ትመስላለች።

ከሱቁ በረንዳ ላይ ሆና ልጇ ዘንድ ደወለች። አሳምነው ከሥራ ላይ ነበር፤ የአሸዋ ወንፊት ድምፅ ይሰማል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «የልጅህን ጭን አየሁት» አለችው።

«ማን ነገረሽ፣ እማዬ?»

ልጄ ምን ሆነች አላለም። ማን ነገረሽ አለ። ሐረግወይን ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ዘጋችው። ምራቷ፣ ጎረቤቷ፣ አከራይዋ፣ የገዛ ልጇ። አራቱም ያውቃሉ። አንድ ቀን ለለቅሶ ወጥታ ብትመለስ ቤቷ የሌሎች ሰዎች ቤት ሆኖ ጠበቃት። ነጠላዋን ልትወስድ ገባች፤ ጉልበቴን ላሳይ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ አለች ለኤልዳና። ኤልዳና ሕፃኗን እያጠባች ነበር፤ የሰማችው ነገር ቀለሟን ለወጠው። በባጃጅ ይሂዱ፣ ዳገቱ ይከብድዎታል ብላ ሃያ ብር ልትሰጣት ብትሞክርም ሐረግወይን አልተቀበለችም። ዳገቱን በእግሯ ወጣችው።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሕፃን የያዙ እናቶች ተደርድረውበታል። የጉልበት በሽተኛ የሚቀመጠው በሌላ በኩል ነው፤ ሐረግወይን ግን ሄዳ ከእናቶቹ ጫፍ ተቀመጠች። በተከፈተው በር ነጭ ጋዋኑን እስከ ክርኑ የሰበሰበ ቀጭን ወጣት ይታያል፤ ሴቶቹ ጋሩማ ይሉታል። ሐረግወይን እጁን መከታተል ጀመረች፣ ሥጋ ቤት ሚዛን እንደምትከታተል አድርጋ። ከሰማያዊ ሳጥን ትንሽ ብልቃጥ ያወጣል፤ ወደ ብርሃኑ አንስቶ ላዩ ላይ ያለችውን ምልክት ያያል፤ ነቅነቅ ያደርገዋል። እናትየው ልጇን ጭኗ ላይ ታጋድማለች። አንድ መርፌ በቀኝ። ልጁ ያለቅሳል። ሌላ መርፌ በግራ። ልጁ ይጮሃል። ከዚያ አፉ ውስጥ ጠብታ ይጨመርለትና ልጁ በመገረም ዝም ይላል። ጋሩማ የተጠቀመበትን መርፌ ካርቶን ውስጥ ይጥልና ቀጣይ ይላል። የሚቀዳ ደም የለም። ሐረግወይን ይህን ሳታረጋግጥ ዓይኗን ከእጁ አላነሳችም፤ መርፌው ሲገባ ቱቦው ሙሉ፣ ሲወጣ ባዶ።

ከአጠገቧ የነበረች ወፍራም ሴት አጎነበሰችና «አኮ፣ እርስዎም ሊከተቡ ነው?» አለቻት። አኮ ማለት አያቴ ነው። እናቶቹ ሳቁ።

«ለጉልበት የሚሆን ካለው ምን ከፋኝ» አለች ሐረግወይን፣ እነሱም ደግመው ሳቁ። ጋሩማም ከውስጥ ሰምቶ ፈገግ አለ። ወረፋው ሳሳ ሲል በሩ ላይ ሄዳ ቆመች። ለአንዲት ፍሬ ሕፃን ሁለት መርፌ ምን ይሠራል፣ አንዱ አይበቃም ወይ አለችው። የግራው አምስት በሽታ ይከላከላል አላት፤ የቀኙ ግን ለብቻው ነው፣ የሳንባ ምች ከሚያመጡት ዋነኛውን ጀርም የሚይዝ። ሐረግወይን የሳንባ የሚለውን ቃል ስትሰማ የበሩን መቃን ያዘች።

«ሳንባን ከጭን ምን አገናኘው?» አለች።

ጋሩማ ደክሞት ነበር፤ ግን የአሮጊቷ ዓይን ለጨዋታ እንዳልመጣ አየ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ አስቀመጣት። «ይሄ ጀርም፣ አኮ፣ ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። የትልቅ ሰው ሰውነት ልብሱን ያውቅበታል። የሕፃን ሰውነት ግን ያየዋል እንጂ ጠላት ነው ብሎ አይነቃም፣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ምን ተደረገ መሰለዎት፣ ከልብሱ ቁራጭ ተወሰደና የሕፃን ሰውነት ቶሎ ከሚነቃበት ሌላ ነገር ጋር ተሳሰረ። ያንን ሲያይ ይሄንንም አብሮ ይለያል። በኋላ እውነተኛው ሲመጣ ደጁ ላይ ያውቀዋል።»

«ሳል አይዛትም እያልከኝ ነው?»

«ሳል ሁሉ አልልዎትም። ክፉው ግን ይቀንሳል። ሦስት ጊዜ መውሰድ አለባት፤ ቀጠሮ ካሳለፈች ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች ማለት ነው።»

ክርስትና ያልተነሳችስ አለችው። በሽታው ክርስትናዋን ይጠብቅላታል እንዴ አለ ጋሩማ፣ ሳይቀልድ። የትምህርት ቤቱ ወለል ሐረግወይን ፊት መጣ። ጋሩማ ከየት ሰፈር እንደሆነች ጠየቃት። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ኑሪያ ግቢ አለች፣ ሳታስበው። የጋሩማ ፊት በራ።

«የመንታዎቹ አያት ነዎታ! ነመራና ኩሌ!»

ሐረግወይን ዝም አለች። ነመራን ታውቃለች። ኩሌ የሚባል ሰው አታውቅም።

ጋሩማ ግን ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው። እናታቸው ትናንት ነበረች አለ፤ አንዱን በጀርባ አንዷን በደረቷ ይዛ፣ አርጆ ነው የወለድኳቸው ያለችው፣ አስታወሳት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደህና መጡልኝ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይምከሯት። ወንዱ እንዲህ ሆኖ ደልቧል፣ ሴቷ ግን ቀጭን ናት። ወንዱን አጥግባ የተረፈውን ነው የምትሰጣት መሰለኝ። ትናንት እዚህ ሰው ፊት ተቆጣኋት። ሴት ልጅም ልጅ ናት አልኳት። አንድ ቃል አልመለሰችልኝም፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ይኼው እነዚህ እናቶች ይመስክሩ።»

ወፍራሟ ሴት ከአግዳሚው ላይ ሆና ራሷን ነቀነቀች። አዎ፣ አንዳንድ ሴት እንዲህ ናት አለች፤ ለወንድ ስትል ሴቷን የምታስርብ።

አሁን ሐረግወይን ሁሉም ነገር ገባት። ትናንት እሷ ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ ኤልዳና አንሶላውን ገልጣ ሕፃኗን ለሶፊ ሰጠች። ሶፊ የሰው ልጅ ነው ያመጣሁት ብትል እናቷ የት አለች ይሏታል፣ ያች ባለ ዣንጥላ ወጣት ተመልሳ በሩን ታንኳኳለች፤ ሐረግወይን ደግሞ እዚህ ሕፃን የለም ብላለች። የሌለ ልጅ ደግሞ አይከተብም። እናም መንታ ናቸው አለች። የልጅ ልጇ የታፋ ልጅ ሆነች፤ በሰው አባት ስም፣ ሰው ባወጣላት ስም። ቁጣው ከእግሯ ጀምሮ ሲወጣ ይሰማታል። ልጅቷ የሶፊ አይደለችም፣ የኔ ናት፣ ብትል ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል። ጋሩማ ይሰማታል፣ ሶፊ ውሸታም ትባላለች፣ ሚጡም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከዚያስ? ለሚቀጥለው መርፌ ማን ይዟት ይመጣል? ማን ይዟት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ቁጣዋ መሐል ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ወፍራሟ ሴት ገና ራሷን እየነቀነቀች ነበር።

«አታዳላም» አለች ሐረግወይን።

ቃሉ ሳታዝዘው ነው የወጣው። ወደ ጋሩማ ዞራ ደገመችው። «ልጄ አታዳላም። ሴቷ ስትወለድም ቀጭን ነበረች። እኔ ነኝ ያዋለድኳት፣ አውቃለሁ።»

ጋሩማ ይቅርታ አላት፤ ለደግ ብሎ እንጂ ሊያስቀይማት እንዳልነበረ ለሶፊ እንድትነግርለት ለመናት። ሐረግወይን ልትወጣ ስትል የልጅቷ ጭን አብጧል፣ ገላዋም ይሞቃል፣ ይሄ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። የክትባቱ ነው፣ አንድ ሁለት ቀን ነው አለ፤ ቅቤ አትቀቡት፣ አትሹት፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ አስቀምጡበት፤ ትኩሳቱ ከበረታ ወይ ጡት አልይዝ ካለች ወይ ትንፋሿ ከፈጠነ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት። የጉልበቷን ነገር ሁለቱም ረሱት።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ አስቸገራት። ጥርጣሬዋ አላለቀም፤ ቦታ ብቻ ነው የለወጠው። ለሰው ልጅ ይህን ሁሉ ለምን ብላ? ሶፊ እኮ ቀላል ሴት አይደለችም፤ የቧንቧ ወረፋ ላይ ኑሪያን ራሷን መልስ ያሳጣቻት ናት። እንዲህ ያለች ሴት፣ አግዳሚው ሙሉ እናት እያያት፣ ልጅሽን ታስርቢያለሽ ስትባል ዝም ብላ አንገቷን ደፋች። አንዲት ቃል ብትናገር ነጻ ትወጣ ነበር፤ ይች የኔ አይደለችም ማለት ብቻ። ሐረግወይን ከዚህ በስተጀርባ የተደበቀ ጥቅም ለማግኘት መንገዱን በሙሉ አሰበች። የስልክ ካርድ የሚሸጡ ልጆች፣ ሙዝ በካሬታ የሚገፉ፣ ታክሲ የሚጠሩ፣ ሁሉም አከም ጅርቱ፣ እንዴት ነዎት እያሏት አለፉ። መናኸሪያው ጋ ስትደርስ ገና አላገኘችውም ነበር።

ቤት ስትገባ ኤልዳና ሕፃኗን አቅፋ መጋረጃው ሥር ተቀምጣለች። አማቷ ስትወጣ ከነበረችበት ቦታ የተነቃነቀች አትመስልም። ሐረግወይን ነጠላዋን ሰቀለች። እጇ በልማድ ወደ ቅቤዋ ጣሳ ሄደ፤ ክዳኑን ከፈተች፣ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ንጹሕ ጨርቅ አውጥታ ከእንስራው በቀዳችው ውሃ አራሰች፣ ጨመቀች፣ ሁለት ቦታ አጠፈች፤ አንዱን በቀኙ ጭን፣ አንዱን በግራው አስቀመጠች። ሚጡ እግሯን ሰብሰብ አደረገችና ዘረጋችው። ኤልዳና የአማቷን እጆች እያየች ነበር፤ ጨርቁ የት እንደሚቀመጥ ሳትጠይቅ ማስቀመጧን አየች። ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል።

«ያኛው በደጅ አልሞተም» አለች ኤልዳና መጨረሻ ላይ፣ ቀና ሳትል። «በትንፋሹ ነው የሞተው። አንቱ ደጁን ዘጉ። ትንፋሿን ማን ይጠብቅላት ብዬ ነው።»

ሐረግወይን ይህች ልጅ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ስትናገር ከዚያ ትምህርት ቤት ወዲህ ሰምታት አታውቅም። ጨርቁ ሞቆ ነበርና አነሳችው፣ እንደገና በውሃ ነከረችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአንሶላው ውጭ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ መጣ። ሶፊ ነበረች፤ ነመራን አዝላ፣ ከሳምንት በፊት የተበደረችውን አንድ ስኒ ጨው ልትመልስ። ጨው የተመለሰ ዕለት ሌላ ጉዳይ አለ። «ግቢ» አለቻት ሐረግወይን። ሶፊ ቆመች፤ ወደዚህ ቤት ግቢ ተብላ አታውቅማ። ደግማ ጠራቻት። ገብታ ከበርጩማው ጫፍ ተቀመጠች፣ ስኒውን በሁለት እጇ እንደያዘች።

«ጤና ጣቢያ ነበርኩ» አለች ሐረግወይን።

«ጉልበትዎን ምን አሉዎት፣ ሀርሜ?»

«ጉልበቴን ማን አየው። ልጅሽ ሴቷን ታስርባለች ብለው ወቀሱኝ።»

ስኒው ውስጥ ያለው ጨው ትንሽ ፈሰሰ። ሶፊ ኤልዳናን አየች፤ ኤልዳና ወለሉን። ሶፊ ይቅርታ ልትል ጀምራ አማርኛው ጠፋባት፣ በኦሮምኛ ጀመረች፣ እሱም አልቀጠለላት። ሐረግወይን እጇን አንስታ አስቆመቻት።

«ኩሌ ማናት?»

«እናቴ ናት። አሁን የለችም።» ሶፊ የፈሰሰውን ጨው በጣቷ መልቀም ያዘች። «የሴቷ ስም ማነው ሲለኝ ደነገጥኩ። ይህ ቤት ስም አላወጣላትም፣ ከየት ላምጣ? አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ክፉ ስም አይደለም፣ ሀርሜ።»

«ክፉ ነው አላልኩሽም።»

እና ለምን ብላ ልትጠይቃት ነበር፤ ከዳገት እስከ ቁልቁለት ይዛው የመጣችው ጥያቄ ይሄ ነው። ነገር ግን ነመራ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ሚጡን አይቶ ድምፅ አወጣ፣ ሶፊም ሳታስብ እጇን ዘርግታ የሚጡ ግንባር ላይ አሳረፈች፣ ትኩሳቱን ለማየት፤ ከራሷ ልጅ ግንባር በፊት። ሐረግወይን ጥያቄውን ዋጠችው። ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው አለች። ሶፊ ነገረቻት። ሐረግወይን በጣቶቿ ቆጠረች፤ ከክርስትናው በፊት ነው። ሁለቱ ወጣቶች የጣቶቿን ጉዞ ይከተላሉ።

«እኔ ቃሌን አልለውጥም» አለች። «ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ታቅፌ ከዚህ ደጅ አልወጣም። ስለቴ ነው።»

የኤልዳና ትከሻ ወረደ። ሶፊ ስኒውን መሬት አስቀመጠች፣ ልትነሳ። ሐረግወይን ግን ተነስታ ከሶፊ ጀርባ ነመራን ፈትታ ወሰደችው፣ በሁለት እጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው። ልጁ በእውነትም ደልቧል።

«ይሄኛው ግን የእናንተ ነው፣ ስለት የለበትም» አለች። «እሱን እኔ አዝለዋለሁ። አንቺ ሚጡን ትይዣለሽ። ክርስትናዋ ሲደርስ በስሟና በአባቷ እናስጽፋታለን፤ ያን ለት ለጋሩማ እኔው እናዘዝለታለሁ። እስከዚያ ብቻሽን አትሄጂም።»

ሶፊ በግራ በቀኝ እያየች ነው፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየላትም። ሐረግወይን ልጁን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና በሩ ላይ የተሰቀለውን አንሶላ በክርኗ ገፋ አደረገች፣ ቤቱ ታፍኗል ብላ።

«መንታ የወለደች ሴት እናቷ ሳትከተላት ስትመጣ» አለች፣ «ሰው ይጠረጥራል።»